ሞቶ የተገኘ ወፍና የወፍ ጉንፋን፦ ጥያቄና መልስ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ሰሞኑን የጠየቃችሁኝን ከነመልሱ እነሆ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እዚህ ሜሪላንድ ኩሬ ዳር ሰባት ዝይዎች ሞተው አገኘሁ። ልቅበራቸው?

መልስ፦ አይቅበሯቸው፤ በእጅዎም አይንኳቸው። ለግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ይደውሉና የወፉን ዓይነት፣ ብዛቱንና ቦታውን ይንገሩ። ከራቅ ብለው ያነሡት ፎቶግራፍም ይጠቅማል። ሰባት ዝይ ባንድ ጊዜ እንዲያው አይሞትም፤ የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ሬሳው ሲቆይ ደግሞ በላተኛ ይጠራል። በ2022 በዚያው ግዛት፣ ሃርፎርድ ካውንቲ፣ ብዙ ጥንብ አንሳዎች በዚህ ቫይረስ ሞተዋል፤ ጥንብ አንሳ የሞተ ወገኑንም ሳይቀር ይበላል።

ጥያቄ፦ መስኮቴ ሥር አንዲት ድንቢጥ ሞታ ወድቃለች። ለዚህም ልደውል?

መልስ፦ አያስፈልግም። መስታወቱ ጋር ተጋጭታ ይሆናል፤ ድንቢጥና እርግብን ይህ በሽታ እምብዛም አይዝም። ጓንት ከሌለዎት እጅዎን ፌስታል ውስጥ ከተው ያንሷት፤ ፌስታሉን ገልብጠው በሌላ ፌስታል ደርበው ይጣሉ። ዳክዬ፣ ንስር ወይም ጉጉት ከሆነ ግን አንድም ብትሆን ያሳውቁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ከሞተ ዝይ ላባ ነቅሎ አመጣ። በጣም ፈራሁ።

መልስ፦ አይደንግጡ፣ እኅቴ። ላባውን ይጣሉት፤ እጁን በሳሙና ያስታጥቡት። ቫይረሱ የስብ ሽፋን ስላለው ሳሙና ያፈርሰዋል። ከዚያ 10 ቀን ይከታተሉት፤ ዓይኑ ቢቀላ፣ ቢያተኩሰው ወይም ቢያስለው ወደ ሐኪም ቤት ከመሄድዎ በፊት ደውለው የወፉን ነገር ይንገሩ። ይህን ያልሰማ ሐኪም ተራ ጉንፋን ነው ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል፤ ኦሴልታሚቪር የሚባለው የዚህ በሽታ መድኃኒት ደግሞ በቶሎ ሲጀመር ነው የሚበጀው። የዱር ዝይ ላባ ያለ ፈቃድ ማስቀመጥን እ.ኤ.አ. በ1918 የወጣ የፌዴራል ሕግ እንደሚከለክል ብዙ ሰው አያውቅም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዶሮ ወጥ እንተው?

መልስ፦ ምን ሲደረግ! የዶሮ ሥጋ ውስጡ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ ቫይረሱ ይሞታል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ሲንተከተክ የሚውል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እጥበቱ ነው። ሎሚና ጨው ቫይረስ ይገድላል ብላችሁ አትመኑ፤ የሚረጨው ውሃ ሰላጣው ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ ድመቴ ውጭ ውላ ነው የምትገባው።

መልስ፦ ለጊዜው ቤት ትዋል። ድመት በዚህ በሽታ ክፉኛ ትጎዳለች፤ በ2024 ከታመሙ ላሞች ጥሬ ወተት የጠጡ የእርባታ ድመቶች ሞተዋል። ጥሬ ሥጋም ጥሬ ወተትም አይስጧት።