አዞ ለምትወደው የደጀን ተማሪ

«ጋሼ፣ ከደጀን ነው የምጽፍልዎ። የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ስልኬ በአዞና በካይማን ቪዲዮ ተሞልቷል። ስማቸውን፣ ዓይነታቸውን ሁሉ አውቃለሁ። አባቴ ግን ‹አዞ ሰው ሲበላ እንጂ ሰው በአዞ እንጀራ ሲበላ አላየሁም› ይለኛል። እውነት ሥራ ይሆናል?»

አባትሽ ነገር አዋቂ ናቸው። ግማሹ እውነት ነው፤ እመጣበታለሁ።

ካይማንን ለጊዜው እንተወው። የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ አዞ መሰል እንስሳ ነው፤ የቅርብ ዘመዱም አሊጌተር ነው። በዓይኖቹ መሀል መነጽር የመሰለ አጥንት ያለው አንድ ዓይነት አለ። እሱን ባየሁ ቁጥር ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ይመስለኛል። አንቺ ግን የምትጀምሪው ከጎረቤትሽ ነው። የኛው አዞ በዓለም የሚጠራው በወንዝሽ ስም ነው፤ የዓባይ አዞ። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወረድ የሚታየው በረሃ አገሩ ነው። ጣና ላይ ጉማሬ ታያለሽ፣ አዞ አታይም። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች፣ ቆላው ውስጥ ግን አለ። ለምን? ይህቺን ጥያቄ ደብተርሽ ላይ ጻፊያት።

የአዞ ነገር ሲነሳ እኔም አያስችለኝም። ከዓመታት በፊት አርባ ምንጭ የአዞ እርባታ ሄጄ አንድ ጫጩት አስያዙኝ። ከክንዴ ያጥራል። ሆዱ ለስለስ፣ ቀዝቀዝ ያለ ነው። «አፉን ያዝ» ብለውኝ ነበር፤ አልሰማሁም። አውራ ጣቴን ቀርጨም! ጥርሱ መርፌ ነው። ደሜ ጠብ ሲል ሠራተኛው ሳቀብኝ። እኔ ግን ከንክሻው ይልቅ ድምፁ ነው ያልወጣልኝ። ጫጩቶቹ ገና እንቁላል ውስጥ ሆነው ይጮሃሉ። እናቲቱ ስትሰማ አሸዋውን ትቆፍራለች፤ ልጆቿን በአፏ ይዛ ውሃ ታደርሳቸዋለች። በዚያው አፍ! ዝምድናው እንኳ ከእንሽላሊት ይልቅ ለዶሮ ይቀርባል። ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚወስነው ደግሞ የጎጆው ሙቀት ነው። ባዮሎጂ ላይ የተማርሽው የኤክስና የዋይ ክሮሞሶም ነገር እዚህ አይሠራም።

አሁን ወደ እንጀራው። «አዞ ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ። የአርባ ምንጩ እርባታ አለ፣ እንደ ነጭ ሳር ያሉ ፓርኮች አሉ፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አለ። ቦታው ግን ጠባብ ነው። ስለዚህ በሰፊው በር ግቢ። ባዮሎጂ ወይም እንስሳት ሕክምና ይሆናል። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን የዓሣና የውሃ ሳይንስ ይሻላል፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። አዞ ባይገኝ ዓሣ አለ፤ ጣና ዳር ዓሣ የማይመለከተው ሰው ጥቂት ነው። አባትሽም በዚህ ቅር አይላቸውም።

ሒሳብን አትጥዪ። አዞ የሚቆጠረው ሌሊት ነው። ከጀልባ ላይ ባትሪ ስታበሪ ዓይኑ እንደ ፍም ይቀላል። አርባ ዓይን ስታዪ ሃያ አዞ ነው? አይደለም። አንዳንዱ በአንድ ዓይኑ ነው የሚያይሽ፤ አንዳንዱ ጠልቋል። ያልታየውን የምትገምቺው በስታቲስቲክስ ነው።

ሌላው የሰው ጉዳይ ነው። ጥጃው የተወሰደበት የቆላ ገበሬ ፊት ቆመሽ «አዞ እኮ ያምራል» ብትዪ ዱላ ይመዝብሻል፤ አልፈርድበትም። ቪዲዮው ላይ ይህ የለም። እሱን ቁጭ ብሎ ማዳመጥም የሥራው ግማሽ ነው።

ፈተናሽን ጨርሺና ክረምቱን እንዲህ አሳልፊ። ወንዙ ድረስ እንዳትወርጂ፣ አደራ። በገበያ ቀን ከአባትሽ ጋር ሆነሽ ከቆላ የሚወጡትን ጠይቂ። አዞ የት ታየ? በየትኛው ወር? ስንት ክንድ ይሆናል? የሚነግሩሽን ሳታጋንኚ ጻፊና ላኪልኝ።