ኤፍ ቢ ኤስ ወይስ ኤፍ ሲ ኤስ? በልጄ የደረሰውን ልንገርሽ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅሽ 11ኛ ክፍል ነው፤ የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወታል፤ አንድ የኤፍ ቢ ኤስ (የኮሌጅ ፉትቦል ላይኛው ክፍል) እና አንድ የኤፍ ሲ ኤስ (ከሱ ቀጥሎ ያለው) ኮሌጅ እየደወሉለት ነው። «ዲቪዥኖቹ እንደ አዲስ ሊዋቀሩ ነው እየተባለ ነው፤ ዛሬ የመረጥነው ነገ ባይኖርስ?» ነው ያልሽው። የእኔ ልጅ በዚሁ መንገድ አልፏል። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ፣ ይሄ እንደ እኛ ኳስ አይደለም። እኛ የምናውቀው አንደኛ የወጣ ሲያድግ፣ መጨረሻ የወጣ ሲወርድ ነው። እዚህ አንድ ኮሌጅ አሥር ዓመት ሙሉ ቢሸነፍም የሚያወርደው የለም። ለማደግም ማሸነፍ አይበቃም፤ ገንዘብና የኮንፈረንስ (እርስ በርስ የሚጋጠሙ ኮሌጆች ማኅበር) ግብዣ ያስፈልጋል። ከኤፍ ሲ ኤስ ወደ ኤፍ ቢ ኤስ ለመውጣት የማመልከቻው ክፍያ 5 ሺህ ዶላር ነበር። በ2023 የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ድርጅት፣ ኤን ሲ ዶብል ኤ፣ 5 ሚሊዮን አደረገው። ማመልከቻው ብቻ! እንዲያም ሆኖ ዴላዌርና ሚዙሪ ስቴት በ2025 ወጡ። ፔንሲልቬኒያ ያለው ሴንት ፍራንሲስ ደግሞ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ከዲቪዥን 1 (ኤፍ ቢ ኤስም ኤፍ ሲ ኤስም ያሉበት ከፍተኛው ደረጃ) ወደ ዲቪዥን 3 እወርዳለሁ ብሎ አሳወቀ። ማንም አላስገደደውም፤ ወጪውን አይቶ ነው። ዲቪዥን 3 ላይ የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ስጋትሽ ከንቱ አይደለም።

ወደ ወሬው ልምጣ። ዲቪዥን 1 በፉትቦል ለሁለት የተከፈለው በ1978 ነው። የዛሬዎቹን ስሞች ያገኙት በ2006። አሁን የሚወራው ከሁለቱ በላይ ሌላ ፎቅ ስለመሥራት ነው። የኤን ሲ ዶብል ኤ ፕሬዚዳንት ቻርሊ ቤከር በታኅሣሥ 2023 አንድ ሃሳብ አመጡ፤ ሀብታሞቹ ኮሌጆች ቢያንስ ለግማሾቹ ስፖርተኞቻቸው በዓመት ቢያንስ 30 ሺህ ዶላር እየከፈሉ የራሳቸው ክፍል ይኑራቸው የሚል። በ2024 ደግሞ 80 ቡድኖች ያሉት አንድ ትልቅ ሊግ ይቋቋም የሚሉ መጡ። 70ዎቹ ቋሚ፣ የቀሩት እንደ እኛ ኳስ ወጪና ወራጅ። ትልልቆቹ ኮንፈረንሶች ጆሮ አልሰጡትም።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ፎቁ ተሠርቶ አልቋል፤ ታፔላው ነው ያልተሰቀለው። በሰኔ 2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው የስፖርተኞችና የኤን ሲ ዶብል ኤ ስምምነት አንድ ኮሌጅ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ ለተጫዋቾቹ እንዲከፍል ተፈቀደለት። ይቺን ስንቱ ይችላታል? ከትልልቆቹ ኮንፈረንሶች አንዱ፣ ቢግ ቴን፣ ከቴሌቪዥኖች ጋር የተፈራረመው ለ7 ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ትንሹ ኮሌጅ ከእነሱ ጋር አንድ ስም ቢይዝ ምን ይጠቅመዋል?

እዚህ ሲያትል በዓይናችን አይተነዋል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በኡበር ወይን ጠጅ ቀለም የለበሰ ሰው ሃስኪ ስታዲየም (የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሜዳ) ሳመላልስ እውላለሁ። አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ድሮ በየሁለት ዓመቱ የዋሽንግተን ስቴት ከተማ ፑልማን ድረስ እየነዳ አፕል ካፕን (ሁለቱ ኮሌጆች በየዓመቱ የሚጋጠሙበትን ጨዋታ) ያይ እንደነበር አጫውቶኛል። ጨዋታው የኅዳር ማብቂያ ላይ ነበር፤ በ2024 ወደ መስከረም መጣ። ምክንያቱም ዋሽንግተን ቢግ ቴን ገባ፣ ዋሽንግተን ስቴት ከኦሪገን ስቴት ጋር ብቻውን በድሮው ኮንፈረንሳቸው፣ በፓክ 12፣ ውስጥ ቀረ። ያኔ ሁለት ቡድን ብቻ የነበረው ኮንፈረንስ! የዋሽንግተን ልጆች ደግሞ በዚያው ወር ከራትገርስ ኮሌጅ ጋር ለዓርብ ማታ ጨዋታ ኒው ጀርሲ ድረስ በረሩ። «ራትገርስ ማነው ለእኔ?» አለኝ ሰውዬው። ምን ልበለው።

አሁን ወደ እኔ ቤት። ልጄ ኤፍ ቢ ኤስ ውስጥ ያለ አንድ ኮሌጅ በዎክ ኦን ገባ። ያለ ስኮላርሺፕ ማለት ነው። ከኤፍ ሲ ኤስ ኮሌጅ ግማሽ ስኮላርሺፕ ቀርቦለት ነበር። እምቢ ያስባልኩት እኔ ነኝ። ማኅበር ላይ የኮሌጁን ስም ስጠራ ሰው «እንዴ!» ይል ነበር፤ ያ ጣመኝ። ክፍያውን በፓረንት ፕላስ (መንግሥት ለወላጅ በሚሰጠው) ብድር ሸፈንን። በ2025 መጋቢት አንድ ማታ እራት ላይ ሆነን ስልኩ ጮኸ። አሰልጣኙ ነው። ልጁ ስፒከር ላይ አደረገው። ያ የፍርድ ቤት ስምምነት ሲጸድቅ የቡድኑ ቁጥር ከ105 እንዳያልፍ ሊደረግ ነው፤ ዎክ ኦኖቹን ይቀንሳሉ። «ጎበዝ ልጅ ነህ፣ ጉዳዩ የቁጥር ነው» አለው። አራት ደቂቃ አልሞላም። እናቱ የጠቀለለችውን ጉርሻ እንደያዘች ቀረች።

በኋላ ዳኛዋ እንዲህ የተቀነሱ ልጆች ቢመለሱም ሆነ ሌላ ቦታ ቢገቡ ከ105ቱ ውስጥ እንዳይቆጠሩ አስደረጉ። የልጄም ስም ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ግን ኮሌጁን መልሰህ ውሰደው የሚል ግዴታ የለም፤ አልወሰዱትም። ዛሬ ኤፍ ሲ ኤስ ውስጥ ይጫወታል፣ በደንብ ይሰለፋል። የተማረው 18 ክሬዲት ግን አልተቆጠረለትም። ብድሩም አለ።

ስለዚህ ዲቪዥኑን ተይውና ወረቀቱን ጠይቂ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። ድሮ የሚፈረመው የሌተር ኦፍ ኢንቴንት (እዚህ ኮሌጅ እገባለሁ የሚል) ወረቀት ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የለም። አሁን የሚፈረመው የገንዘብ ድጋፍ ውል ነው፤ ከፋይ ኮሌጆች ጋር ሌላ ውልም ይኖራል። ስንት ዓመት እንደሚል እዪ። «በየዓመቱ ይታደሳል» የሚል ካለ፣ ማን ነው የሚያድሰው በይ። ኮሌጁ አዲሱ ስምምነት ውስጥ ገብቷል ወይ? ከገባ 105 የሚባለው ገደብ ይመለከተዋል፤ ካልገባ የድሮው የስኮላርሺፕ ጣሪያ ነው የሚሠራው፣ ኤፍ ቢ ኤስ 85፣ ኤፍ ሲ ኤስ 63። ኮሌጁ ወደ ሌላ ዲቪዥን ቢሄድ ወይ አሰልጣኙ ቢለቅ ስኮላርሺፑ ምን ይሆናል? በስልክ የተባለውን «በኢሜይል ላኩልኝ» በይ፤ ቅር አይላቸውም፤ ካላቸውም መልስሽን አገኘሽ።

ኤፍ ቢ ኤሱ ሙሉ ስኮላርሺፕ በጽሑፍ ከሰጠ፣ ይግባ። «ይምጣና እናያለን» ከሆነ ግን እኔ ብሆን ኤፍ ሲ ኤሱን ዓይኔን ሳላሽ እወስዳለሁ።

ልጅሽ የት ቦታ እንደሚጫወት አልነገርሽንም። ኪከር (ኳሱን በእግሩ የሚመታው) ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ አንድ ቡድን ሁለት ወይ ሦስት ቢይዝ ነው። የላኩልሽን ወረቀት ስሙን ሸፍነሽ ኢንቦክስ አድርጊልኝ። ቅዳሜ ስታዲየም አካባቢ ሥራ ላይ ነኝ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አየዋለሁ።