መልስ፦ ቁርኣን መቅራት ለሪያድ አረብኛ ይበቃል ወይ?

እህቴ፣ «ደሴ ቁርኣን ቀርቻለሁ፤ ከ3 ወር በኋላ ለሥራ ሪያድ ልሄድ ነው፤ አረብኛው ይበቃኛል?» ላልሽው፣ ፊደሉ በጣም ይጠቅምሻል፣ የአፍ ንግግሩ ግን ሌላ ነው። የኪታቡ «ማዛ ቱሪዲን» (ምን ትፈልጊያለሽ) ሪያድ ላይ «ወሽ ተቢን»፣ ጅዳ ደግሞ «ኤሽ ተብጊ» ነው። አንቺ የሪያዱን ብቻ ያዢ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው «ቀ» ላይ ነው። የሪያድ ሰዎች ሲያወሩ «ገ» ያደርጉታል፦ ቀህዋው (ቡና) ገህዋ፣ ቀሪብ (ቅርብ) ደግሞ ገሪብ ይሆናል። በጋይን ፊደል፣ ከጉሮሮ የሚወጣው «ገሪብ» ግን ባዕድ ማለት ነው፤ የኛ ጆሮ ሁለቱን አንድ አድርጎ ይሰማቸዋል። ጋይንን ለይተሽ ስለቀራሽ እዚህ ላይ ከሌላው ትቀድሚያለሽ። በየቀኑ 20 ደቂቃ የሪያድ ሰው ወሬ በስልክሽ አድምጪ፤ አንድ አረፍተ ነገር ላይ አቁሚና 5 ጊዜ ጮክ ብለሽ ድገሚው። በልብ ብቻ ማንበብ አፍ አይፈታም።

«አብሽር»ን ወሎ ሰው ለማጽናናት እንለዋለን። እዚያ ግን አንድ ነገር ሲጠይቁሽ «እሺ፣ በደስታ» ብለሽ የምትመልሺበት ቃል ነው።

ቡና ሲቀዱልሽ ሲኒው አይሞላም፤ ወጉ ነው እንጂ ንፍገት አይደለም። በቀኝ እጅሽ ተቀበይ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ቆጠራ የለም፤ ሲበቃሽ ሲኒውን ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርገሽ መልሺ፣ ዝም ብለሽ ከመለስሽ ይደገምልሻል። ትልቅ ሴት ስትጠሪ «ኡም» (እናት) ብለሽ የመጀመሪያ ወንድ ልጃቸውን ስም አስከትይ፤ የኛ «አንቱ» ክብር እዚያ በዚህ ይገለጻል።