ዓይን ስንት ይላል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የዶክትሬት ጥናቴ ሰዎች ግራፍ ሲያዩ ምን እንደሚረዱ የሚመረምር ነው። ባር ግራፍና ዋጋን በስፋታቸው የሚያሳዩ ክቦች እያሳየሁ «ለማንበብ የቱ ይቀላል?» ብዬ ጠየቅሁ። አማካሪዬ «ይህ ምርጫ እንጂ ልኬት አይደለም» አሉኝ። ታዲያ ምን ልለካ?

መልስ፦ አማካሪዎ እውነታቸውን ነው። ሰው የወደደውን ግራፍ አሳስቶ ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ አስተያየት ሳይሆን ቁጥር ይጠይቁ። የስታቲስቲክስ ተመራማሪዎቹ ክሊቭላንድና ማክጊል እ.ኤ.አ. በ1984 የተጠቀሙበት ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ሁለት ቅርጾች ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ተሳታፊው መጀመሪያ ትንሹን ይለይ፣ ቀጥሎም ትንሹ የትልቁ ስንት በመቶ እንደሆነ በዓይኑ ገምቶ ይጻፍ። ትክክለኛው 40 ሆኖ ሳለ 46 ካለ ስህተቱ 6 ነው። በዚህ ላይ አንድ ስምንተኛ ደምረው በ2 መሠረት ሎጋሪዝሙን ሲወስዱ 2.6 ገደማ ይመጣል። አንድ ስምንተኛዋ የተጨመረችው ዜሮ ሎጋሪዝም ስለሌለው ነው፤ ልክ የመለሰ ሰው ውጤት −3 ይሆናል።

ትክክለኛ መልሶቹን 25 እና 50 ላይ አያድርጉ። ገማች ሁሉ ወደ 5 እና ወደ 10 ብዜት ያጠጋጋል፤ ዓይኑ ያላየውን እጁ ያገኘዋል። 37፣ 58፣ 73 ይሻላሉ።

ክቦቹ ላይ ብዙ ጥናት ይበላሻል። ዋጋው 2 እጥፍ ሲሆን ሬዲየሱን 2 እጥፍ ካደረጉት ስፋቱ 4 እጥፍ ሆኖ ቁጭ ይላል። በትክክል ተሥሎም ቢሆን ዓይን የስፋትን ልዩነት ያሳንሳል፤ 4 እጥፍ የሆነው ክብ በአማካይ 2.6 እጥፍ ገደማ ይመስላል። ርዝመት ላይ ግን ግምቱ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

ሙከራው በኢንተርኔት ከሆነ የስክሪን መጠን ያስቸግራል። ተሳታፊው የባንክ ካርድ ስክሪኑ ላይ አስደግፎ የተሣለውን አራት ማዕዘን ከካርዱ ጋር እስኪተካከል ይለጥጠው፤ የካርዱ ወርድ 85.6 ሚሊሜትር ስለሆነ ፒክስሉን ከዚያ ያሰላሉ። የግራፎቹን ቅደም ተከተል በላቲን ስኩዌር (እያንዳንዱ ግራፍ በየተራ ቁጥሩ እኩል ጊዜ በሚመጣበት ሰንጠረዥ) ያዟዙሩ፤ ያለዚያ በኋላ የመጣው ግራፍ በልምምድ ብቻ የተሻለ ይመስላል።

ትንተናው ላይ ደግሞ 30 ሰው 40 ጊዜ ቢመልስ 1,200 ሰው አይሆንም። የአንድ ሰው መልሶች እርስ በርስ ይመሳሰላሉና የትኛው መልስ የማን እንደሆነ በስታቲስቲክስ ሞዴሉ ውስጥ ያስገቡት። ይህን የዘለለ ጥናት በሌለ ልዩነት ላይ «ልዩነት አገኘሁ» ሊል ይችላል።

ጥያቄ፦ ተሳታፊዎቼ ቁጥሩን በትክክል ያነባሉ፤ ትርጉሙን ሲጠየቁ ግን ይስታሉ። ጥያቄዬ ነው ችግሩ?

መልስ፦ የግድ አይደለም፤ ማየትና መረዳት ሁለት ነገር ናቸው። አማካይ በባር ሲሣል የሚሆነውን ይመልከቱ። የባሩ ጫፍ 50 ላይ ቢሆን 45ም 55ም ከአማካዩ እኩል ይርቃሉ። ሆኖም ብዙ ሰው 45 የመገኘት ዕድሉ የሰፋ ይመስለዋል፤ ምክንያቱም 45 ከተቀባው ባር ውስጥ ነው። ተመራማሪዎቹ ኒውማንና ሾል ይህን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳይተዋል። ጫፉን በትክክል ያነበበ ሰው ነው እንግዲህ የሚሳሳተው። አማካዩን በነጥብ ሥለው ያንኑ ጥያቄ ለሌላ ቡድን ያቅርቡ፤ ስህተቱ ከቀነሰ ጥፋቱ የባሩ ነው፤ ካልቀነሰ ጥያቄዎን እንደገና ያንብቡት።

ጥያቄ፦ ለሙቀት ካርታ (ሂትማፕ፦ ቁጥርን በቀለም ለሚያሳይ ሥዕል) የቀስተ ደመና ቀለም ልጠቀም?

መልስ፦ አይጠቀሙ። ቢጫው ከመሃል ደምቆ ስለሚወጣ መረጃው ውስጥ የሌለ ድንበር ያሳያል፤ ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ተሳታፊም ቀዩን ጫፍ ከመሃሉ አረንጓዴ ጋር ሊያምታታ ይችላል። ከፈዛዛ ወደ ጥቁር እያለ የሚጠቁር አንድ ቀለም ወይም ቪሪዲስን (ከጥቁር ሐምራዊ ወደ ቢጫ እየደመቀ የሚሄድ የቀለም መደብ) ይምረጡ። ካርታውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይረው ይሞክሩት፤ ቅደም ተከተሉ ከጠፋ ቀለሙ አይሆንም።