የልጄ የመጀመሪያ ስልክ፦ በአንዴ ልክፈል ወይስ በየወሩ?

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሰሞን ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ጥያቄ ወደ አንድ ነገር ያዘነብላል፦ የልጅ ስልክ። ዛሬ ሦስቱን ወስጃለሁ። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፤ የብዙ እናት ጭንቀት ስለሆነ።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበትሽ? የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ 12 ዓመቷ ነው፣ መስከረም ላይ 7ኛ ክፍል ትገባለች። እስካሁን ሰርቪስ ነበራት፤ ዘንድሮ ስለተወደደብኝ እስከ አራት ኪሎ በታክሲ ብቻዋን ልትመላለስ ነው። እኔ ከሥራ የምገባው ማታ 1 ሰዓት አልፎ ነው። አስተማሪዎቹ የቤት ሥራ በቴሌግራም ይልካሉ፤ እሷ ደግሞ የኔን ስልክ ለማየት እስክመጣ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ስልክ ልገዛላት ወስኛለሁ። ያየሁት 12,000 ብር ነው፤ እጄ ላይ ያለው 3,000 ነው። ሻጩ «3,000 ቅድሚያ ክፈይ፣ ከዚያ በወር 1,500 ብቻ ለ8 ወር» አለኝ። ልግዛ ወይ? የካርዱንስ ነገር እንዴት ላድርገው? የጎረቤቴ ልጅ የ100 ብር ካርድ በአንድ ቀን ነው የሚጨርሰው። — የልደታዋ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ። 1,500 በ8 ሲባዛ 12,000 ነው። ቅድሚያ የምትሰጪው 3,000 ሲጨመርበት 15,000 ይሆናል። ስልኩ ግን 12,000 ነው። ቀስ ብለሽ ስለከፈልሽ ብቻ 3,000 ብር ልትጨምሪ ነው ማለት ነው። ሻጩ «በወር 1,500 ብቻ» አለሽ እንጂ ጠቅላላውን አልነገረሽም፤ አንቺም አልጠየቅሽውም።

በክፍያ የሚሸጥ ሁሉ አይገዛ አልልም። ግን ሳትፈርሚ በፊት ጠቅላላ ድምሩን፣ አንድ ወር ሳትከፍይ ብታልፊ ምን እንደሚሆን፣ ስልኩ ቢሰረቅ ዕዳው እንዴት እንደሚሆን በጽሑፍ አስቀምጪ። በዱቤ ከሚሸጡ ስልኮች ውስጥ ክፍያው ሲቋረጥ ከሩቅ የሚቆልፋቸው ፕሮግራም የተጫነባቸው አሉ። አስቢው፣ አንድ ወር ደሞዝ ዘግይቶብሽ ልጅሽ መንገድ ላይ ሳለች ስልኩ ቢዘጋ፣ የገዛሽበት ዋናው ምክንያት ያን ቀን ገደል ገባ። ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቢነጠቅም ዕዳው ካንቺ ጋር ይቀራል።

እኔ ብሆን ዕቁብ ነበር የምገባው። በወር 1,500 መክፈል ከቻልሽ፣ ያንኑ የሚጥሉ ሰባት ሰዎች ከሥራ ቦታሽ ወይ ከብሎካችሁ አይጠፉም። ስምንት ስትሆኑ የአንድ ወር ዕጣ 12,000 ነው፤ ልክ የስልኩ ዋጋ። ዳኛውን «የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው፣ የመጀመሪያውን ስጡኝ» በይው። እኛ አገር ለልጅ ትምህርት ተብሎ ተራውን የሚለቅ ሰው ይገኛል። ስልኩን በአንዴ ትገዣለሽ፣ ወለድ የለም፣ 3,000 ብርሽም ሳትነካ እጅሽ ላይ ትቀራለች። እሷ በ8 ወር ስትካፈል በወር 375 ብር ናት፤ እሷን ለልጅሽ ጥቅል መድቢያት። የመጀመሪያው ዕጣ ባይደርስሽ እንኳ ባለ ቁልፍ ስልክ ይዛ ትጀምር። ታክሲ ላይ ሆና «ደርሻለሁ» ለማለት እሱ ይበቃል። ከቴሌብር መላ ወይም ከእንደኪሴ ተበድረሽ ግን አትግዢ፤ እነሱን ለሕመምና ለድንገተኛ ነገር ተያቸው።

ወደ ስልኩ ልምጣ። በዚህ ገንዘብ ሱቁ ውስጥ የሚደረደሩልሽ አይቴል፣ ቴክኖና ኢንፊኒክስ ናቸው። ሦስቱም የአንድ የቻይና ኩባንያ፣ የትራንሽን ናቸው፤ ስለዚህ በስም አትጨነቂ፣ ውስጡን እዪ። ራሙ (ስልኩ አፖችን ከፍቶ ሲሠራ የሚጠቀምበት ቦታ) ከ4 ጂቢ፣ ማስቀመጫው ከ64 ጂቢ ባይወርድ ጥሩ ነው። 2 ጂቢ ራም ያለው ርካሽ ነው፤ ግን ቴሌግራም ተከፍቶ የቤት ሥራው ፒዲኤፍ ሲጫን ይንቀራፈፋል፣ ልጅቷም በዓመቱ «ሌላ ግዢልኝ» ትልሻለች። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ካርቶኑ ላይ በትልቁ «8 ጂቢ ራም» ተጽፎ ሥሩ በደቃቁ «4+4» የሚል ካለ፣ እውነተኛው ራም 4 ነው። ሌላው 4 ከማስቀመጫው ላይ የተበደረው ነው፤ ፍጥነቱ እንደ እውነተኛው አይሆንም። ኔትወርኩ 4ጂ መሆኑን አረጋግጪ። ባትሪው 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ቢሆን መብራት በሚጠፋበት ቀን ይጠቅማታል። ካሜራውን ተዪው።

ሱቅ ስትሄጂ የራስሽን ሲም ከተሽ ደውዪበት። *#06# ስትነኪ የሚመጣው ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። አንድ የቤት ሥራ ክፈቺበትና ልጅሽ ታንብበው፤ ጽሑፉ ለዓይኗ የሚያንስ ከሆነ እዚያው ትነግርሻለች። ደረሰኙ ላይ ያ ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ይጻፍልሽ። ከተሰረቀ ለፖሊስ የምታሳዪው እሱን ነው።

አሁን አጥብቄ የምነግርሽ ነገር አለ። ሻጩ «ጂሜይል ልክፈትልሽ» ሲልሽ እንቢ በይው። የእህቴን ልጅ ስልክ የገዛን ቀን ሻጩ በሁለት ደቂቃ ከፍቶ ሰጠን፣ እኛም አመስግነን ወጣን። ለካ የልደት ዘመኑን 1990 ብሎ ሞልቶታል። የእህቴ ልጅ ያኔ 11 ዓመቱ ነው። ስልኩ ትልቅ ሰው እጅ ላይ ያለ ስለመሰለው የከለከለው አንድም ነገር አልነበረም። ከስድስት ወር በኋላ ስልኩ ታሞ ፎርማት ሲደረግ ደግሞ የዚያን ጂሜይል ፓስወርድ ጠየቀ። ሻጩ አያስታውስ፣ እኛ አናውቅ። እህቴ ከሥራ እየቀረች ሁለት ሳምንት ጥገና ቤት ለጥገና ቤት ተንከራታለች፤ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ስለዚህ ቤትሽ ሆነሽ አንቺው ክፈቺላት። ትክክለኛ የልደት ቀኗን ስትሞዪ በፈረንጆች አቆጣጠር ይሁን። በእኛ 2005 የተወለደች ልጅ በእነሱ 2012 ወይም 2013 ናት፤ 2005 ብለሽ ከጻፍሽ ባንዴ ሰባት ስምንት ዓመት ጨመርሽባት። ከ13 ዓመት በታች መሆኗን ሲያይ ጎግል የወላጅ አካውንት ይጠይቅሻል፤ ያንቺን ትሰጪዋለሽ። ከዚያ ፋሚሊ ሊንክ የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ ስልክሽ ላይ ትጭኛለሽ። አዲስ አፕ ልታወርድ ስትል ጥያቄው አንቺ ጋ ይመጣል። በቀን ስንት ሰዓት እንደምትጠቀም፣ ማታ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚቆለፍባት ትወስኛለሽ። ዳታ በርቶ ከሆነም የት እንዳለች በካርታ ያሳይሻል። የምትጻጻፈውን ግን አያነብልሽም። እሱን በመነጋገር ነው የምታውቂው፣ እንደማንኛውም ነገር። ቲክቶክም ራሱ ከ13 ዓመት በታች ላሉ አይፈቅድም፤ «ሁሉም ጓደኞቼ አላቸው» ስትልሽ ይህን ንገሪያት።

የካርዱ ጉዳይ የጎረቤትሽ ልጅ ላይ የደረሰው ነው። ያ ልጅ ካርዱን ይሞላል፣ ጥቅል አይገዛም፣ ዳታ ይከፍታል። ያኔ ገንዘቡ ከዋናው ሂሳብ ላይ በመደበኛው ታሪፍ ነው የሚቆረጠው፣ ሁለት ሦስት ቪዲዮ ካየበት 100 ብር የት እንደገባ አያውቅም። ጥቅል ገዝቶም ጥቅሉ ሲያልቅ ዋናው ሂሳብ ላይ ብር ካለ እሱን መብላት ይጀምራል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የልጅሽ ዋና ሂሳብ ባዶ ይሁን። ካርድ አትሙዪላት። ሲሙ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ጥቅሉን አንቺ ከስልክሽ በ*999# ወይም በቴሌብር ገዝተሽ በስጦታ ላኪላት። ሲያልቅ ያቆማል፣ ሌላ የሚበላው የለም። ጥሪ መቀበል ትችላለች፤ ከቸገራትም «ይደውሉልኝ» ትልክልሻለች። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ወርሃዊ አትግዢላት፣ ሳምንታዊ ይሁን። ወርሃዊውን በአራት ቀን ጨርሳ 26 ቀን ከምታኮርፍ፣ ሳምንታዊውን በሦስት ቀን ጨርሳ አራት ቀን ብትጠብቅ ቶሎ ትማራለች። በየሳምንቱ እሁድ ማታ አብራችሁ *804# ደውላችሁ የቀረውን እዩ፤ ራሷ ታንብብልሽ። ድምፅም ያለበትን ጥቅል ምረጪ፣ ዳታ ብቻ የሆነውን አይደለም፤ ዋናው ፍላጎትሽ እንድትደውልልሽ ነውና። የሌሊቱ ጥቅል ርካሽ ነው፣ ልጆቹም ይወዱታል። ለልጅ አይሁን። እንቅልፏን ነው የሚወስደው።

ቴሌግራም ውስጥ ገብተሽ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አጥፊው። የክፍል ግሩፕ ውስጥ በቀን የሚላከው ብዛት አያልቅም፤ ጥቅል የሚጨርሰው አንዱ እሱ ነው።

ኢትዮ ቴሌኮም ይሁን ሳፋሪኮም? ሳፋሪኮም መስከረም 2015 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ምርጫ አለሽ፤ ቤትሽ ውስጥና ትምህርት ቤቷ በር ላይ የትኛው እንደሚሻል ሞክሪና ወስኚ። ሲሙ በአንቺ ስም ይውጣ። ቴሌብር አትክፈቺበት። «ሽልማት ደርሶሻል፣ የመጣልሽን ኮድ ንገሪኝ» የሚል ሰው ከደወለ ወዲያው እንድትዘጋው ከአሁኑ አስተምሪያት። ታክሲ ሰልፍ ላይ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳው ደረቷ ላይ። ትምህርት ቤቷ ስልክ የሚከለክል እንደሆነም አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ብዙዎቹ ይከለክላሉ፣ ጠዋት ተቀብለው ከሰዓት የሚመልሱም አሉ።

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። አንድ የማውቀው ደላላ «ከዱባይ የመጣ ሳምሰንግ፣ ትንሽ የተነካ» ብሎ በ9,000 ብር አመጣልኝ። ካርቶን የለውም። ስልኩ ግን ያምራል። ልውሰደው? የኔ አሮጌ ስልክም መሳቢያ ውስጥ አለ። — ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ካርቶንም ደረሰኝም ከሌለው የማን እንደነበረ በምን ታውቃለህ? ያገለገለ ስልክ መግዛት ነውር የለውም፣ እኔም ገዝቼ አውቃለሁ፤ ግን ሱቅ ካለው ሰው ይሁን። ከዚያም ፊትህ ላይ ፎርማት ይደረግ። ሲነሳ ከራስህ ስልክ ሆትስፖት ሰጥተህ አገናኘውና የድሮ ባለቤቱን ጂሜይል ከጠየቀ፣ ወይም የሆነ የውጭ ኩባንያ ስም ያለበት የክፍያ ማስጠንቀቂያ ካመጣ መልሰህ ስጠው። እዚያ አገር በዱቤ ተወስዶ ዕዳው ሳይከፈል የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ቢሠራ ነገ ይቆለፋል።

መሳቢያህ ውስጥ ያለው ግን ታሪኩን የምታውቀው ስልክ ነው። ባትሪውን አስቀይር፣ የባንክና የቴሌብር አፖችህን አጥፋ፣ ከጂሜይልህ ውጣና ፎርማት አድርገህ ስጠው። 9,000ውን ለጥቅልና ለመጽሐፍ አቆየው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ 9 ዓመቱ ነው። እናቱ ቤሩት ናት። «ስልክ ልላክለት፣ መልኩን እያየሁ ላውራው» ትላለች። የኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው። ልጁ ስልክ ላይ ተጥዶ ትምህርቱን እንዳይተው ፈራሁ። እሷንም ማስከፋት አልፈልግም። — ከጎላ ሚካኤል

መልስ፦ እማማ፣ ፍርሃትዎ ትክክል ነው፣ የእናትየውም ናፍቆት ትክክል ነው። ስልኩ ይምጣ፤ ግን የቤቱ ስልክ ይሁን እንጂ የልጁ አይሁን። እርስዎ ጋ ይቀመጥ፣ ሳሎን፣ ቻርጀሩም እዚያው። ኢሞ ይጫንበት፣ እናቱ ስትደውል አብራችሁ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጣችሁ አውሯት። እሷም እርስዎን ማየት ትፈልጋለች። ሰዓቱን ከሥራዋ ጋር አስማምታችሁ ቁረጡት፤ ልጁ ያን ቀን እየጠበቀ ይውላል። ጥቅሉ ሲያልቅ ካርዱን ከዚያው ሆና ልትልክልዎ ትችላለች፣ ወጪው እርስዎ ላይ አይወድቅም።

ውድ ስልክ እንዳትልክ ይንገሯት። ለኢሞ የሚበቃ ቀላል ስልክ እዚሁም ይገኛል፤ የቀረውን ለደብተርና ለጫማ ታድርገው።

ትምህርት ቤት ይዞ አይሂድ። የእርስዎን ቁጥር በትልልቁ ወረቀት ላይ ጽፈው ቦርሳው ውስጥ፣ በውስጠኛው ኪስ ይክተቱለት፤ በቃሉም ያስጠኑት። የጠፋበት ቀን አንዱን ሱቅ ገብቶ «ለአያቴ ደውሉልኝ» ካለ ማንም አይከለክለውም።