ስልክ ሲጮህ ሚዛኑ ላይ ያለውን መልሱት

ልጆቼ፣

ባለፈው መስከረም የእህቴ ልጅ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ ሴንት ፖል ወዳለው ቤቴ መጣ። ቡናው ቶና ሳይደርስ "ጋሼ፣ የተተኮሰ ቀለህ መልሶ በእጅ መሙላት አሳየን" አሉኝ። አጋዘን ማደን ከጀመሩ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ የጥይት ዋጋ አንገብግቧቸዋል። ምድር ቤት ይዣቸው ወረድኩ፣ አሳየኋቸው። ከሄዱ በኋላ ግን ያልተናገርኩት እየመጣ እንቅልፍ ነሳኝ። እነሱም እናንተም አንብቡት ብዬ ይኸው ጻፍኩት።

ዕድሜዬን የጨረስኩት መድኃኒት ቤት ነው። አዲስ አበባ ፋርማሲ ተምሬ፣ ሚኒሶታ መጥቼ እንደ ገና ተፈትኜ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ክኒን ስቆጥር ኖርኩ። ፋርማሲስት ከጥይት ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። መለኪያቸው አንድ ነው፤ ግሬይን ይባላል። አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬይን ነው፣ አንዱ ግሬይን 65 ሚሊግራም ገደማ። የአሜሪካን አስፕሪን 325 ሚሊግራም የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ቁጥሩ ለምን እንዲህ ጎዶሎ ሆነ ብላችሁ ከሆነ፣ የድሮዎቹ 5 ግሬይን ስለነበረ ነው። ምድር ቤቴ ያለችው የባሩድ ሚዛንም የምትቆጥረው በግሬይን ነው። መጀመሪያ ሳያት ዘመድ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።

ጠመንጃዬ ዊንቸስተር 94 ነው። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ በ1894 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከ7 ሚሊዮን በላይ የተሠራ፣ በየካውቦይ ፊልሙ የምታውቁት ዓይነት። ከምላጩ ሥር ያለውን ማንሻ ወደ ታች ገፍታችሁ ስትመልሱት ባዶው ቀለህ ይወረወራል፣ ሙሉው ይገባል። የሚጎርሰው ጥይት በ1895 የወጣው ሠላሳ ሠላሳ ነው። ፊተኛው 30 የበርሜሉን ስፋት በኢንች መቶኛ ይነግራችኋል፤ ኋለኛው 30 ደግሞ ድሮ ይገባበት የነበረውን ባሩድ በግሬይን፣ ሁለት ግራም እንኳ የማይሞላ። ስሙን አይታችሁ "እንግዲያው 30 ግሬይን ልሙላ" እንዳትሉ። የዛሬው ባሩድ የያኔው አይደለም፤ እያንዳንዱ የራሱ ልክ አለው።

እኛ አገር ጥይት ስንል ሁሉንም ጠቅልለን ነው። አያቶቻችን እንዲያውም ከአሞሌ ጨው ጋር መገበያያ አድርገዋት ነበር። ገበታዬ ላይ ግን አራት ነገር ነው ያለው፤ ነሐሱ ቀለህ፣ ባሩዱ፣ ከፊት የሚቀመጠው አረር፣ ከቀለሁ መቀመጫ ላይ የምትገባውና መርፌው ሲመታት እሳቱን የምትጭረው ፕራይመር። ከተተኮሰ ቀለህ ላይ ያረጀችውን ፕራይመር ታወጣላችሁ፣ ቀለሁን ቅባት ቀብታችሁ፣ ፕሬስ በሚባለው መጫኛ ወደ ልኩ ትመልሳላችሁ፣ አዲስ ፕራይመር፣ ባሩድ፣ አረር። ሥራው ይኸው ነው፤ ማንም በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል። መልመዱ አይደለም የሚያሳስበኝ።

ይህ ጠመንጃ ካዝናው ቧንቧ ነው፤ ጥይቶቹ ከበርሜሉ ሥር አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰልፈው ይተኛሉ። የኋለኛው አረር ጫፍ የሚያርፈው የፊተኛው ፕራይመር ላይ ነው። ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲረግጥ ጥይቶቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ አረሩ ሹል ብረት ከሆነ ካዝናው ውስጥ እንዳለ መርፌ ሊሆንላችሁ ይችላል። ስለዚህ ለሠላሳ ሠላሳ አፍንጫው የተደፈጠጠ አረር ትገዛላችሁ፣ 150 ወይም 170 ግሬይን የሚመዝን። ሹል ሆነው ጫፋቸው ከለስላሳ ላስቲክ የተሠራም አሉ፣ ለዚሁ ተብለው። ሌላ ጠመንጃ ያለው ጓደኛችሁ የተረፈውን ሹል አረር "ውሰደው፣ ውፍረቱ አንድ ነው" ቢላችሁ እውነቱን ነው፣ ውፍረቱ አንድ ነው። አትውሰዱ።

ጥይቶቹን ወደ ኋላ የሚገፋው የካዝናው ሞላ ደግሞ አረሩን ወደ ቀለሁ ውስጥ ሊሰምጠው ይችላል። ለዚህ ነው የቀለሁ አፍ አረሩ ወገብ ላይ ባለው መስመር ተጨምቆ መያዝ ያለበት። ጨመቃው እኩል እንዲሆን ቀለሆቹ በቁመት እኩል መሆን አለባቸው፤ ጣሪያው 2.039 ኢንች ነው፣ ከዚያ ካለፈ ትቆርጡታላችሁ። እኔ ሁሉንም በካሊፐር እለካለሁ። የእህቴ ልጅ "አምስቱን ለክቶ የቀረውን መገመት አይቻልም?" አለኝ። መድኃኒት ቤት ቢሆን ኖሮ አባርረው ነበር።

ሌላም አለ። ይህ ጠመንጃ ቀለሁን ከኋላ የሚዘጋውን በሩን የሚቆልፈው ከበሩ ጀርባ ነው፤ በተኮሳችሁ ቁጥር ነሐሱ ትንሽ ይለጠጣል። ሲደጋገም ከቀለሁ ግርጌ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ይወጣል። ቀጭን ሽቦ ጫፉን አጥፋችሁ ወደ ውስጥ ስደዱና ግድግዳውን ዳብሱ፤ ቦይ ከነካችሁ ያ ቀለህ አልቆለታል። በፒንሳ ጨፍልቃችሁ ጣሉት፤ ሳትጨፈልቁት ከጣላችሁት ለቅማችሁ መልሳችሁ ትሞሉታላችሁ። እኔ አድርጌዋለሁ።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ።

መድኃኒት ቤታችን አንድ ደንብ ነበረን። ክኒን እየቆጠርክ ስልክ ከጮኸ ወይ ሰው ከጠራህ፣ የቆጠርከውን ወደ ጠርሙሱ መልሰህ ነው የምታነሣው። "ሠላሳ ሁለት ላይ ነበርኩ" የሚባል ነገር የለም። እኔ ይህን ደንብ ለስንቱ ተለማማጅ አስተምሬ፣ አንድ ጥቅምት ማታ ምድር ቤቴ ውስጥ ረሳሁት። ሃያ ቀለህ ይዤ ባሩድ እየሞላሁ ነበር። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለ፤ እዚያ ነግቷል። ስለ እናታችን ሕመም ነበርና ቆምኩኝ፣ ተንጎራደድኩ፣ ረጅም ወሬ ሆነ። ስመለስ ልቤ እዚያው ቀርቷል። ካቆምኩበት የመሰለኝ ቦታ ቀጠልኩ፣ አረሩን አስቀመጥኩ፣ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ።

ቅዳሜ ዒላማ መተኮሻ ሜዳ ሄድን። አብረውኝ የነበሩት ጎረቤቴ ሽማግሌው ነበሩ፤ ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ የኖርዌይ ስደተኞች የልጅ ልጅ፣ ወሬ የማይወዱ። ስድስት ጥይት ተኩሻለሁ። ሰባተኛዋ ላይ ምላጩን ስስብ ጠመንጃው ትከሻዬን አልነካኝም። ጠሽ አለች፣ እንደ ክብሪት። እኔ የከሸፈች መስሎኝ እጄ በልማድ ወደ ማንሻው ሄደ። ሽማግሌው ጆሮአቸው ላይ መሸፈኛ አድርገው እንኳ ልዩነቱን ሰምተዋል፤ እጄን አንጓው ላይ ያዙት። አልጮኹም። እንዲሁ ያዙት።

ጥይቶቹን ሁሉ አወጣንና ከአፈሙዙ በኩል የመወልወያ ዘንግ ሰደድን። መሄድ ካለበት ሳይደርስ ቆመ። ባሩድ የሌለባት ጥይት ነበረች፤ ፕራይመሯ ብቻዋን አረሩን ጥቂት ገፍታ በርሜሉ ውስጥ ሰንቅራዋለች። ሌላ ብጨምርባት በርሜሉ ፊቴ ላይ ይፈነዳ ነበር። ቤት ወስደን አረሩን በነሐስ ዘንግ ቀስ እያልን መትተን አወጣነው። አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ ጎኑ ላይ የበርሜሉ ውስጥ ጥምዝ መስመር ተቀርጾበት።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ነገር ሲያቋርጠኝ፣ ቀለሆቹን ሁሉ ወደ ባሩዱ ጠርሙስ ገልብጬ ከአንድ እጀምራለሁ። ስልኩንም ላይኛው ፎቅ ትቼ ነው የምወርደው። ሞልቼ ስጨርስ፣ አንድም አረር ከማስቀመጤ በፊት፣ ሳጥኑን በባትሪ ብርሃን ቀለህ በቀለህ አያለሁ። ለሠላሳ ሠላሳ የሚሆኑት ባሩዶች አብዛኛውን ቀለህ ስለሚሞሉ ባዶው እንደ ጉድጓድ ጠቁሮ ይታያል፤ ሁለቴ የተሞላም ካለ ተርፎ ይፈስሳል። ቀላል ጥይት እንሥራ ብለው ጥቂት የሽጉጥ ባሩድ የሚያደርጉ አሉ። እዚያ ላይ ሁለቴ የተሞላው ቀለህ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፣ አይፈስስም። ለጀማሪ አልመክርም።

ገበታ ላይ አንድ ጠርሙስ ባሩድ ብቻ ይቀመጥ። ስማቸው የሚመሳሰል መድኃኒቶች ስንት ሰው እንደጎዱ እኔ አውቃለሁ፤ ባሩድም እንዲሁ ነው። ኤች 4895 አለ፣ አይኤምአር 4895 አለ፤ ቁጥሩ አንድ፣ ልካቸው ግን ለየቅል። የምሽቱ ሥራ ሲያበቃ መስፈሪያው ውስጥ የቀረውን ወደ ጠርሙሱ መልሱት፣ ነገ አስታውሰዋለሁ አትበሉ።

ስንት ግሬይን ልሙላ የሚለውን እዚህ አልጽፍም። የባሩዱ ፋብሪካ ያሳተመውን መጽሐፍ ግዙ፣ ከተጻፈው ጣሪያ አሥር በመቶ ያህል ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ፣ በትንሽ በትንሹ ውጡ፣ የሠራችሁትን ሁሉ ከነቀኑ መዝግቡ። ጣሪያውን ለማለፍ የሚቸኩል ወጣት አይቻለሁ። 170 ግሬይኑ አረር በሰከንድ 670 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ጫካ ውስጥ መቶ ሜትር ላይ ለቆመ አጋዘን ይህ ይተርፋል። ከዚያ በላይ ፍጥነት ካማራችሁ ሌላ ጠመንጃ ግዙ።

ገንዘብ ይተርፈናል ብላችሁም አትጀምሩ። ጥይቱ ሲረክስላችሁ ብዙ ትተኩሳላችሁ፤ ለባለቤቴ የነገርኳት ስሌት እስካሁን አልሠራም።

እርሳሱን አትናቁ። ፕራይመርም፣ የቀለህ ማጽጃው አቧራም እርሳስ አለበት። እጃችሁን ሳትታጠቡ ዳቦ አትቁረሱ፣ ሕፃን አትቀፉ። የእርሳስ አረር ሥጋ ውስጥ ሲገባ ይበጣጠሳል፤ ቁስሉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ በልግስና ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ወይም ልጅ ካለ መዳብ አረር ይሻላችኋል። የሚኒሶታ የጠመንጃ አደን የሚከፈተው ለኅዳር ጾም ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀር ነው። ስቡ ጥቂት ስለሆነ የአጋዘን ቋንጣ አሪፍ ነው፤ በሚጥሚጣ ዘልዝላችሁ ሰቅላችሁ እስከ ገና ዓይናችሁን ጨፍኑ።

የአደን ጃኬታችሁን ለብሳችሁም አውሮፕላን ማረፊያ አትሂዱ። ኪሴ ውስጥ የተረሳች አንዲት ባዶ ቀለህ በረራ አስቀርታኛለች።

በእጅ የሞላችሁትን ለሰው አትስጡ። መሸጥማ የፌዴራል ፈቃድ ይፈልጋል። የሰው ሙሊትም አትተኩሱ፤ ይህ ደንብ የሽማግሌው ነው። ሲሞቱ ልጃቸው ጠመንጃቸውን ለእኔ ብለው እንደተናዘዙ ነግራኝ አመጣችው፣ ከአንድ የቡና ጣሳ ጋር። ጣሳው ውስጥ አርባ ሦስት ጥይት ነበር፤ የአንዱም አፍ ያልተዛነፈ፣ እሳቸው እንደሚሠሩት። ወረቀት ግን የለበትም፤ ምን ባሩድ፣ ስንት ግሬይን፣ በየትኛው ዓመት፣ ምንም። በመጨረሻ ዘመናቸው ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል ጣሳውን ገበታዬ ላይ አቆየሁት። ከዚያ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተቀመጥኩና አርባ ሦስቱንም አንድ በአንድ ፈታሁ፤ ቀለሆቹን ለየሁ፣ ባሩዱን ይዤ ወጣሁና በጋራ አጥራችን ሥር ሣሩ ላይ በተንኩት።