«ተንጋሎ» ወይስ «ተጋድሞ»?

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ ባዘጋጀሁት ጽሑፍ «ፓርዳኪረስ በቀይ ባሕር ወለል ላይ ተንጋሎ የሚኖር የዝርግ ዓሣ ዝርያ ነው» ብዬ ብጽፍ፣ ባልደረባዬ «ተንጋሎ» የሚለውን ሰረዙብኝ። ትክክል ናቸው?

መልስ፦ ትክክል ናቸው፤ እንዲያውም ሌሎቹን ቃላት በዝምታ ማለፋቸው ገርሞኛል። መንጋለል በጀርባ ተኝቶ ሆድን ወደ ሰማይ መስጠት ነው። ይህ ዓሣ ግን በእጭነቱ እንደ ማንኛውም ዓሣ ቀጥ ብሎ ከዋኘ በኋላ፣ እያደገ ሲሄድ የግራ ዓይኑ ከራሱ በላይ ዞሮ ወደ ቀኝ ስለሚሻገር፣ ከዚያ ወዲያ ግራ ጎኑን ከአሸዋው አጣብቆ በሁለቱም ዓይኖቹ ወደ ላይ እያየ ይኖራል። ለዚህ አማርኛ «ተጋደመ» የሚል ቃል አለው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ፣ በርጫ ላይ ግራ ክርኑን በመከዳ አስደግፎ የሚያወጋን ሰው «ጋደም ብሏል» እንጂ «ተንጋሏል» የሚል የድሬ ልጅ አላውቅም። (የዓሣው መጋደም ግን የስንፍና አይደለም፤ ከክንፎቹ ሥር የሚያመነጨው ወተት መሰል መርዝ ሻርክን እንኳ እንደሚያርቅ የዓሣ ተመራማሪዋ ዩጂኒ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሙከራ አሳይተዋል።)

«ዝርግ» ነውር የለበትም፤ ዝርግ ሳህን እንላለን። ነገር ግን ቃሉ ከ«ዘረጋ» የወጣ በመሆኑ፣ በሆዱ ተኝቶ ክንፎቹን እንደ ምንጣፍ ለሚዘረጋው ሬይ ለተባለው ዓሣ ይበልጥ ይስማማል። በጎኑ ለሚተኛው «ጠፍጣፋ» ይሻላል።

የእንስሳት ተመራማሪው ጉንተር እ.ኤ.አ. በ1862 ፓርዳኪረስ ያሉት በርካታ ዝርያዎችን የሚያቅፈውን ምድብ ነው፤ ስለዚህ እርሱን «ወገን» ብለው፣ «ዝርያ»ን በቀይ ባሕር ለሚገኘው ለዝንጉርጉሩ ፓርዳኪረስ ማርሞራተስ ይተዉለት። «የባሕር ወለል» የሚለውም ያለ ገላጭ ያሳስታል። የቀይ ባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅበት ስፍራ አለ፤ የእርስዎ ዓሣ ግን ከዳር ሳይርቅ፣ በኮራል አጠገብ ባለ አሸዋ ላይ ነው ኑሮው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ፓርዳኪረስ ጥልቀት በሌለው ባሕር፣ አሸዋ ለብሶ በጎኑ ተጋድሞ የሚኖር የጠፍጣፋ ዓሣ ወገን ነው።»